የብድሩ መዝገብ የገበሬውም ነው

የባንክ ችግር ሲነሳ ጉዳዩ የነጋዴና የከተማ ሰው ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ለማዳበሪያ የተበደረ፣ የቁጠባ ደብተር የያዘ ወይም ልጁ ከከተማ ገንዘብ የሚልክለት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ሁሉ የጉዳዩ ባለቤት ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ገበሬው ሲበደር የመጠየቅ መብቱንም አብሮ ያስይዛልን?

የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የገበሬ ማኅበር መሪ በአንድ በኩል የአባላቱ ተጠሪ፣ በሌላ በኩል የመንግሥት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሆኖ ኖሯል። በ1980ዎቹ ማብቂያ የማዳበሪያ ብድር በክልል መንግሥታት ዋስትና ሲሰጥ፣ የማስከፈሉ ሥራ የወደቀው በአካባቢው አስተዳደር ላይ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘውና ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ደግሞ በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። ይህ አሠራር ሌላ ማስያዣ ለሌለው ገበሬ በር ከፍቷል። ነገር ግን ተበዳሪን የሚመርጠውና ዕዳ የሚያስከፍለው አንድ ሰው ከሆነ፣ ቅሬታ ያለው ገበሬ ወዴት ይሄዳል?

የቅርብ ዓመታት ሁኔታ ጥያቄውን አክብዶታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሥር ወር ቆይቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። ገበያ ያልደረሰ እህል ብር አይሆንም፤ የዕዳው ቀን ግን አይጠብቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራር ተበላሽቶ፣ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ከባንኩ ወጣ። ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለአደባባይ አቀረበ። የሕዝብ ገንዘብ ማስመለስ ተገቢ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይወስን ሰውን ማዋረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕጉ ለገበሬው መከታ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ በመሬት የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። መሬቱ አይሸጥም፤ ዕዳው ካልተከፈለ ግን ለተወሰነ ዘመን ተጠቃሚው ሌላ ሊሆን ይችላል። ውሉን ሳይሰማ አውራ ጣቱን የሚያትም ገበሬ የሚያስይዘው የልጆቹን እንጀራ ነው።

በመሆኑም የማኅበራት መሪዎች ድርሻ ዕዳ መሰብሰብ ብቻ ሊሆን አይገባም። ውሉ በስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ለተከፈለው ሁሉ ደረሰኝ ይሰጥ፤ ተበዳሪ የሚመርጥ ሰው ዕዳ አስከፋይ አይሁን። ከጉና ሥር ገብሱን በረዶ የመታበት፣ በስማዳ ቆላ ዝናብ የቀረበት ገበሬ ጉዳቱ በጊዜው በቃለ ጉባኤ ተይዞ የመክፈያ ቀኑ እንዲራዘም ለባንኩ ይመልከት። በስብሰባ ተነሥቶ ሒሳብ የሚጠይቅ አባል አድመኛ ተብሎ ሊፈረጅ አይገባውም። ሳይፈራ የሚጠይቅ ገበሬ ባለበት ቀበሌ የተደበቀ ጉድለት ቶሎ ይገለጣል፤ ብድሩም በደህና ይመለሳል።