ጠይቆ መጥፋት

አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር አጎቴ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «እነዚያ ስለ መሬቴና ስለ በሬዎቼ ሲጠይቁኝ የዋሉት ልጆች ምን ደረሱበት?» ምን ልበላቸው? ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ዲግሪ አስገኝቶ፣ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል።

ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ወዲህ ከውስጥም ከውጭም ስንቱን አዲስ ምሁር ተቀብሏል! እሰየው። ግን ለማን ነው የሚጻፈው? በሀምቡርግ ተሰናድቶ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 5 ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው።

«ዓለም የሚያነበው እንግሊዝኛ ነው» ትሉኛላችሁ። አልተጣላንም። ለመላሹ በገዛ ቋንቋው ሁለት ገጽ መጨመር ግን ምን ይከብዳል? እኔን ብትሰሙኝ፣ ተመራማሪው ተመልሶ ግኝቱን ለመንደሩ ሳያነብ ዲግሪ ባልተሰጠው። የአጎቴ አንደበት ለዲግሪ ከበቃ፣ ጆሯቸው ለውጤቱ እንዴት ያንሳል?