ከሁለቱም ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው

ሁለት የተኳረፉ ዘመዶች አሉዎት እንበል። እርስዎ ግን ከሁለቱም ጋር ሰላም ነዎት። ቅዳሜ ከአንደኛዋ ቤት ቡና ይጠጣሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌላው ጋ ምሳ ይበላሉ። እሷ ስታማርር «እውነትሽን ነው» ይላሉ፤ እሱ ሲያማርርም ራስዎን ይነቀንቃሉ። ከማንም ጋር ስላልተጣሉ ራስዎን እንደ ሰላም ሰው ይቆጥራሉ።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የቅርብ ዘመዶቼ የሆኑ እህትና ወንድም እናታቸው ካረፉ በኋላ በቤቱ ኪራይ ተጣሉ። እሷ እናቷን ስድስት ዓመት አስታማለች። እሱ ደግሞ ቤቱ ሲታደስ ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔ ግን ለእያንዳንዳቸው ግማሹን ብቻ እየነገርኩ ከረምኩ። በሙት ዓመቱ ዕለት ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ሁለቱም የጠሩት ምስክር እኔን ሆነ። «እሷ እንኳ ፈርዳልኛለች!» አለ ወንድም። «ለእኔ ነው የፈረደችው!» አለች እህት። የምገባበት ጠፋኝ።

ጌታ በተራራው ስብከቱ ብፁዓን ያላቸው የሚያስታርቁትን ነው እንጂ ከጠብ ርቀው የተቀመጡትን አይደለም። ልዩነቱን ማየት ከፈለጉ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 25ን ያንብቡ። ናባል 3000 በግና 1000 ፍየል ያለው ሀብታም ነው። በበግ ሸለታው ወቅት ዳዊት ጥቂት ስንቅ ቢለምነው ሰድቦ ሰደደበት። ዳዊትም 400 ሰው አስታጥቆ ተነሣ። የናባል ሚስት አቢግያ ወሬውን የሰማችው ከአንድ አገልጋይ ነው። ማንም ሽማግሌ ሁኚ አላላትም። 200 እንጀራ፣ 5 የተሰናዱ በጎች፣ ወይን፣ ዘቢብና በለስ በአህያ አስጭና መንገድ ላይ ጠበቀችው።

የተናገረችውን ልብ ይበሉ። ባሏ ልክ ነው አላለችም፤ ማጥፋቱን አልሸሸገችም። ለዳዊትም ቢሆን «ደግ አደረግህ» አላለችውም፤ ነገ ሲነግሥ ይህ ደም ጸጸት እንዳይሆንበት አስጠነቀቀችው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ማታው ነው። ቤቷ ስትመለስ ናባል ደግሶ ሰክሮ አገኘችው፤ እስኪነጋም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የነገረችው ስካሩ ሲለቀው ነው። እኛ ደግሞ አንዱ በንዴት ሰዓት የላከልንን የድምፅ መልእክት በዚያው ሌሊት ለሌላው እናስተላልፋለን!

በማቴዎስ 18 ያለው ቅደም ተከተልም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ከበዳዩ ጋር ለብቻ፣ ካልሆነ አንድ ሁለት ሰው ይዞ፣ ጉባኤው መጨረሻ ላይ። እኛ ዘንድ ነገሩ ዕድር ደርሶ፣ የጸሎት ቡድኑም ሰምቶት፣ ባለጉዳዩ ከሁሉ ኋላ ያውቃል። (በጸሎት ርእስ ስም የሚወራውን ሐሜት ለሌላ ወር ላቆየው።) ስለዚህ በሚቀጥለው ቡና ላይ ሮሮው ሲጀመር አንድ ጥያቄ ብቻ ይሞክሩ፦ «ይህን ለራሱ ነግረሽዋል?» ወሬው ቀዝቀዝ ይላል፤ ይቀዝቅዝ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ጋር እንዳይቀላቅሉ እለምንዎታለሁ። የተደበደበችን ሚስት «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ማስታረቅ አይደለም። ለእሷ የሚቀድመው ደኅንነቷ ነው። ይቅር ማለትና እዚያው ቤት ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን ለመለየት ያልፈለጉ ሽማግሌዎች ብዙ ጉዳት አድርሰዋል።

ወደ ዘመዶቼ ልመለስ። ለየብቻ ሄድኩባቸው። ለእሷ «ወንድምሽም እውነት አለው፤ ይህን ሳልነግርሽ በመቅረቴ በድዬሻለሁ» አልኳት። ቡናው ሳይፈላ ተሸኘሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። ለእሱም ስለ እህቱ ያንኑ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ለእማዬ መድኃኒት በወር ስንት ታወጣ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። «ራስህ ጠይቃት» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ደውሎላታል። ስለ ኪራዩ ገና አልተነጋገሩም።