ማሽኑ ምን አጠፋ?



ባለፈው እትም ስለ አዳዲስ የላቦራቶሪ ማሽኖች የወጣው ጽሑፍ ምንም አልጎደለውም። የማሽኑ ፍጥነት አለ፣ ዋጋው አለ፣ አጠገቡ ቆመው ፎቶ የተነሡ ኃላፊዎችም አሉ። የቀረው ነገር ቢኖር ማሽኑ የሚመረምረው ደም ከሰው ክንድ እንዴት እንደሚወጣ ነው! የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ዕድሜውን ላቦራቶሪ ውስጥ ስለፈጀ ይህን አይቶ ዝም ማለት አቃተው።

ማሽን የሰጡትን ይመረምራል። ተበላሽቶ የመጣለትን ደም አያክምም።

ለዚህ ፖታሺየም ጥሩ ምስክር ነው። ደም ቀጂው ክንዱን አስሮ «ጨብጥ፣ ልቀቅ፣ ጨብጥ» ይላል፣ ደም ስሩ እንዲታይለት። ጡንቻው ደጋግሞ ሲሠራ ግን ፖታሺየም ይለቃል፤ የጤነኛው ሰው ውጤት የኩላሊት ሕመምተኛ ውጤት መስሎ ሊወጣ ይችላል። ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በ1990 እ.ኤ.አ. አትሞታል። ደም በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ፣ ወይም ቱቦው እንደ እርጎ ሲናጥ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዱና ያው ፖታሺየም ከፍ ይላል። ቱቦውን ቀስ አድርጎ ከ8 እስከ 10 ጊዜ መገልበጥ ይበቃ ነበር።

የክዳኑ ቀለምም ለጌጥ አልተቀባም። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ አብዛኛውን ጊዜ የፖታሺየም ጨው ነው። ትርፉን ደም ከሐምራዊው ወደ ቀዩ የሚገለብጥ ሰው ፖታሺየሙን ሰቅሎ ካልሲየሙን ይጥለዋል። የደም መርጋት የሚመረመርበት ሰማያዊው ቱቦ ደግሞ እስከ ምልክቱ መሙላት አለበት፤ ልኩ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደም አቀዳድ መመሪያ የቱቦዎቹን ተራ ጭምር ዘርዝሯል። መመሪያው ግን ፎቶ ሲነሡት አያምርም መሰለኝ።

ከሁሉ የሚብሰው የስም ጉዳይ ነው። የአያት ስም ሳይጨመር «አበበ ከበደ!» ተብሎ ሲጠራ ሁለት ሰው ሊነሣ በሚችልበት አገር፣ ቱቦው ገና ደም ሳይገባበት ስም ተጽፎበት ተደርድሮ የሚጠብቅባቸው ቦታዎች አሉ። ሕመምተኛው ስሙን በራሱ አፍ መናገር አለበት፤ ቱቦው ላይም የሚጻፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ እሱ ዓይኑ እያየ ነው። የሌላ ሰው ደም ከሆነ የትኛው ማሽን ያውቃል?

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም» የሚሉ አይጠፉም። ክንዱ የተጠረገበት አልኮል እስኪደርቅ የሚጠበቀው 30 ሰከንድ ነው። ሕመምተኛው ተመልሶ እንደገና ሲወጋ የሚያልፈው ሰዓት ከየት እንደሚመጣ አይነግሩንም። «መርፌ መውጋት ማንም ይለምደዋል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይለምደዋል፤ ስሕተቱን ጨምሮ። በጣሊያን ፓዶቫ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመዘገቡት የላቦራቶሪ ስሕተቶች 61.9 በመቶው ከምርመራው በፊት የተፈጸሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከማሽኑ በፊት ማለት ነው።

ጉዳዩ ከተነሣ አይቀር፣ «በባዶ ሆድ ኑ» የሚባለውስ? ከጠዋቱ 12 ሰዓት የደረሰ ሰው ቁርስ ሳይቀምስ እስከ 5 ሰዓት ይቀመጣል፤ የስኳር ሕመምተኛም ቢሆን። በመጨረሻ ደሙ ተቀድቶ፣ በተራ ቱቦ ሳይጣራ ጠረጴዛ ላይ ያረፍዳል። በዚህ መሀል ሕዋሳቱ ስኳሩን ይበሉታል፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ውድ ማሽኑም የተረፈውን ስኳር አንዲት ነጥብ ሳይስት ይለካል፤ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ስኳርዎ ወርዷል» ይልና መድኃኒቱን ይቀንስለታል።