መብራት በቆጣሪ እንጂ በሰው ራስ አይቆጠርም



የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር ወደ ማኅበራችን የሚቀርበው አቤቱታ ከወር ወደ ወር እየበዛ ሄዷል። አብዛኛው የአከራይና የተከራይ ጠብ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ አለ፤ በሥሩ አራት አምስት ቤተሰብ ይኖራል፤ ሂሳቡ ግን በሰው ራስ ወይም በአምፖል ቁጥር ይካፈላል። አንዳንዱ አከራይማ ቢሉን ሳያሳይ የፈለገውን ይቆርጣል። ይህ አሠራር ፍርደ ገምድል ስለ ሆነ መቅረት አለበት እንላለን። ቅር የሚለው ካለ መጥቶ ይሞግተን።

«ምጣድ የምትሰካ ተከራይ አላስገባም» የሚሉ አሉ። ስልክ ቻርጅ አደረግሽ ተብላ የተወቀሰች ልጅም አለች። እስቲ ከመነታረክ እናስላ። ስሌቱ የአራተኛ ክፍል ማባዛት ነው፤ እኛም ከዚያ ብዙ አልራቅንም። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት በሠራበት ሰዓት ማባዛት፣ ከዚያ ለ1000 ማካፈል። የሚወጣው ኪሎዋት ሰዓት ይባላል፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው እሱኑ ነው።

ባለ 10 ዋት የስልክ ቻርጀር በቀን 3 ሰዓት ቢሰካ በወር 1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጎረቤት የተኳረፈው ለዚህ ነው እንግዲህ! ባለ 3500 ዋት ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 56 ይደርሳል። ብዙ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን ማንም ልብ የማይላት ባለ 1000 ዋት ስቶቭ፣ ወጥና ሻይ ሲጣድባት በቀን 3 ሰዓት ከሠራች በወር 90 ትበላለች። ምጣዱ የሚወቀሰው እንጀራው ግቢውን ሁሉ ስለሚሸተው ነው፤ ስቶቯ ጓዳ ውስጥ ዝም ብላ ትበላለች። ስለ ማሞቂያውም እንናገር። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያስመርራል፤ ገብቶናል። ሆኖም ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ ማታ ማታ ለ3 ሰዓት ከበራ በወር 180 ነው። ይህ ዕቃ በማን ቤት እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል፤ በአንድ ክፍል ተከራይ ቤት አይደለም። ታዲያ በራስ ስንካፈል የማንን ሙቀት ማን ይከፍላል?

ሌላም ጉዳት አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንደ ደረጃ ነው፤ እስከ 50 ያለው ርካሽ ነው፤ 100፣ 200፣ 300 እያለ በወጣ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ሦስት ቆጣቢ ቤተሰብ እያንዳንዱ 80 ቢያቃጥል በአንድ ቆጣሪ ላይ 240 ሆኖ ላይኛው ደረጃ ላይ ይወጣል። ድኻው ቆጥቦ የሀብታም ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው።

«ዓባይ ተገድቦ አልቋል፣ ከእንግዲህ መብራት ይረክሳል» የሚለውንም ወሬ ብንተወው ይሻላል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስ ብሎናል። ታሪፉ ግን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጨመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ግድቡ ውኃ ያዘ ተብሎ የእኛ ስቶቭ መብላቷን አትተውም።

አከራዮች የሚሉት እውነት አለ። ቆጣሪው በስማቸው ነው፤ ሂሳብ ቢዘገይ የሚቆረጠው በእነሱ ነው። ስለዚህ ተከራይ በቀኑ ይክፈል። ከቢሉ በላይ መሰብሰብ ግን መብራት መቸርቸር ነው፤ እሱን ማኅበሩ አይደግፍም። አቅም ያለው አከራይ ከዋናው ቀጥሎ ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ ያስገባ። ያልቻለ ከላይ ባሳየነው ስሌት ያካፍል። ፍሪጅ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ በዚህ ስሌት አይያዝም፤ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ቆጣሪውን ማታና ጠዋት ማንበብ ነው። (በዚህ ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ፍሪጅ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን እስካሁን ያስረዳን የለም።)

እናቶችና እኅቶች፣ ምጣድ እስኪግል የሚበላው ብዙ ነውና ሁለት ሦስት ቤት ተራ ይዛችሁ በአንድ ግለት ብትጋግሩ ያ ሁሉ አንዴ ይከፈላል። ምጣዱም ሊያልቅ ሲል ተነቅሎ በትርፍ ሙቀቱ የመጨረሻዎቹ ይወጣሉ። ከተማችን ከባሕር በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ 90 ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላና አተር ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ድስቱን ከድኖ መቀቀል ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል የቀረው ቤት ደግሞ ባለ 9 ዋቱን ኤልኢዲ ይግዛ፤ ማታ 5 ሰዓት ለሚበራ አምፖል በወር ከ9 ወደ 1 ተኩል ገደማ ይወርዳል።

በየወሩ 30ኛው ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ አከራይና ተከራይ አብረው ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ቁጥሩን ጽፈው ሁለቱም ይፈርሙ። የማካፈያው ሠንጠረዥ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ተለጥፏል። ማባዛት የሚያስቸግራቸው አረጋውያን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ማኅበሩ ቤት ቢሉን ይዘው ይምጡ፤ አብረን እናሰላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ