«ገባችሁ?» ማለት ብቻ ማስተማር አይደለም



ከእኛ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠመኔ ይዘው በሌሎች ልጆች ፊት መቆማቸው የማይቀር ነው። ዛሬ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን የምንሣሣቅ ጓደኛሞች ያን ጊዜ «ቲቸር» ተብለን እንጠራለን። ስለዚህ አንድ አዲስ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ ምን ዓይነት ሙያና ምን ዓይነት ጠባይ ገንዘቡ ሊያደርግ ይገባዋል? ብሎ መጠየቅ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ስለ መምህርነት አሳብ መስጠቱ ድፍረት መስሎ የሚታያቸው ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን የወጡን ጨው መብዛትና ማነስ የሚናገረው የቀመሰው ነውና፣ እኛም ለ12 ዓመታት ከቀመስነው ጥቂት ብንናገር መምህሮቻችን የሚቀየሙን አይመስለኝም።

ስለ ጥሩ መምህር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የትምህርቱን ዓይነት ጠንቅቆ ማወቅ፣ ሰዓት ማክበር፣ ትዕግሥትና መልካም ምግባር ናቸው። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ሥር አንድ መሠረት አለ እላለሁ፤ ይኸውም መምህሩ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ መቻሉ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የገባውን ተማሪ የገባው ከሚመስለው ለይቶ ማወቅ ማለት ነው።

የተለመደውን ነገር እንመልከት። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ እኛ ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ሲል፣ ክፍሉ በሙሉ «አዎን!» ይላል። ድምፁ አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን 60 ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ «አዎን» የሚለው ጓደኞቹ እንዳይሥቁበት ፈርቶ ነው። ሌላው ደወል እስኪደወል ቸኩሎ ነው። ሦስተኛው ግን በእውነት የገባው መስሎት ነው፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው እርሱ ነው፣ አለማወቁን ስለማያውቅ የሚጠይቀው ነገር የለውምና። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ፣ አዲስ መምህር ይህን «አዎን» በቅን ልቡና ሊጠረጥረው ይገባል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን የሩቅ ያልሆነ ማስረጃ አለ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ወስደው ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 4 እንኳ አልሞሉም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ የጦርነቱ፣ የወረርሽኙ፣ የመጽሐፍና የቤተ ሙከራ እጥረት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም እነዚያ ተማሪዎች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየዓመቱ እያለፉ የመጡ ናቸው። በየክፍሉ «አዎን» ሲሉ ኖረው አለመግባቱን የሰሙት በ12ኛው ዓመት መጨረሻ ከሆነ፣ እውነቱ ዘግይቶ ደርሷል ማለት ነው። በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊቃና የሚችል ስሕተት እስከ መጨረሻው አብሮ ተጓዘ።

ለምሳሌ አንድ ልጅ ግማሽና ሲሶን ደምር ተብሎ ሁለት አምስተኛ ብሎ ቢጽፍ፣ አንዱ መምህር የኤክስ ምልክት አድርጎበት ያልፋል። ልጁም ደብተሩን ይከድናል፤ የተማረው ነገር ቢኖር ሒሳብ እንደማይሆንለት ብቻ ነው። ሌላው መምህር ግን «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁም የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ እንደ ደመረ ይነግረዋል። እንግዲህ መምህሩ «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ቢጨመርበት ከግማሽ ያነሰ ይሆናልን?» ቢለው፣ ልጁ ስሕተቱን በራሱ ዓይን ያየዋል። ሁለቱም መምህራን ሒሳብ ያውቃሉ፤ ልዩነታቸው አንደኛው መልሱን ብቻ ማየቱ፣ ሁለተኛው ግን ልጁን መስማቱ ነው።

ደግሞም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተማሪው የተሰናከለው በቋንቋው ይሁን በትምህርቱ መለየት ሌላ ሙያ ይጠይቃል። በፊዚክስ «ወርክ» የሚባለው ቃል በአማርኛ «ሥራ» ነው። ነገር ግን ውኃ የሞላ እንስራ አዝላ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ምንም ያህል ቢደክማት፣ እንስራው ከቦታው እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ በፊዚክስ ሕግ በእንስራው ላይ የሠራችው ሥራ የለም። «ብዙ ሥራ ሠርታለች» ብሎ የመለሰ ተማሪ ሰነፍ አይደለም፤ ከቤቱ ያመጣውን ትርጉም ይዞ ነው የመጣው። አዲሱ መምህር የቤቱ ትርጉምና የመጽሐፉ ትርጉም የሚጋጩበትን ቦታ አስቀድሞ ሊያውቅ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ሊያሳይ ይገባዋል።

ይህን የማዳመጥ ልማድ ከባሕር ማዶ ብቻ የምንዋሰው አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ ያስነብቡታል፤ ፊደሉን ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ ንባቡ ሳይቃና ወደ ዳዊት አያሳልፉትም። በቅኔ ቤትም ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምተው በዚያው ያርሙታል። ቀደም ያለው ተማሪም ኋላ የመጣውን ያስተምራል። አለንጋውንና ትርጉሙ ሳይገባ የሚደረገውን ሽምደዳ ልንወርስ አይገባም፤ ተማሪን በየግሉ የመስማትን ነገር ግን ልንወርሰው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ወደ ጠባዩ ልምጣ። ተማሪ አለማወቁን የሚገልጠው ለማይፈራው ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪን ማክበር ለመምህር እንደ ትርፍ ጌጥ የሚቆጠር አይደለም፤ ያለ እርሱ ሥራው አይሠራም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሆኖም ሕጉ እጅን ይከለክል እንጂ ምላስን ለመግታት የመምህሩ ኅሊና ያስፈልጋል። «ደደብ» የተባለ ልጅ ዳግመኛ እጁን አያወጣም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ወጣቶች አባታቸውን የሚያህሉ ሰዎችን ፊደል አስቆጥረዋል። አንድ ወጣት እንዲህ ያሉትን ሽማግሌ እየሰደበ ሊያስተምር ይቻለው ነበርን? ለሽማግሌ የተገባው አክብሮት ለልጅም ይገባዋል።

ከዚህም ጋር አዲስ መምህር «ይህን አላውቀውም፤ ነገ አይቼ እነግራችኋለሁ» ለማለት አይፈር። በማግስቱ መልሱን ይዞ ከመጣ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ከጠመጠሙ በኋላ መማር ይቁም ማለት አይደለም። ነጥብ ሲሰጥም የዘመድ ልጅና የባዕድ ልጅ አይለይ፤ ያልተገባው ነጥብ ያገኘ ተማሪም ተጎጂ ነው፣ ጉድለቱ ተሸፍኖበታልና።

«60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ፣ በዚህ ደመወዝ እንዴት ይቻላል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። የመምህር ኑሮ መሻሻሉና የተማሪው ቁጥር መመጠኑ መንግሥትና ሕዝብ ሊያስቡበት የሚገባ ዕዳ ነው። ነገር ግን መምህሩ በየክፍለ ጊዜው የ5 ተማሪዎችን ደብተር ብቻ ቀረብ ብሎ ቢያይ፣ በ12 ክፍለ ጊዜ 60ውንም ያዳርሳል። ከመውጫው በፊትም አንድ አጭር ጥያቄ ሰጥቶ በቁራጭ ወረቀት ቢያስጽፍ፣ የነገው ትምህርት ከየት መጀመር እንዳለበት ወረቀቶቹ ይነግሩታል። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም አዲሱን መምህር «መጽሐፉን ጨረስህ ወይ?» ብለው ብቻ ባይመዝኑት መልካም ነው፤ መጽሐፉ አልቆ ተማሪው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላልና።

በመጨረሻም ሸክሙን ሁሉ በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጣል ፍርድ አይሆንም። እናንተ ወላጆቻችን፣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት አስቀድሞ «እስኪ ዛሬ የተማርኸውን አስረዳኝ» በሉን። ፊደል ያልቆጠረ አባት እንኳ ልጁ የሚያስረዳውና የሚንተባተብ መሆኑን ለይቶ ያውቃል። እኛም ተማሪዎች ሳይገባን «አዎን» ማለታችንን እንተው፤ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» በሚል ጓደኛችንም አንሣቅ። እርሱ የጠየቀው ለብዙዎቻችን ነው።

ነገ መምህር የምትሆኑ ጓደኞቼ ሆይ፤ «ገባችሁ?» ብላችሁ በአንድ ድምፅ «አዎን!» ስትባሉ ደስ ብሏችሁ ከክፍል አትውጡ። ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የተቀመጠውን አንዱን ልጅ በስሙ ጥሩትና «እስኪ አንተ ንገረን» በሉት። እርሱ እስኪጨርስም ታገሡት።