ስለ ዓሣ ማኖሪያ መስተዋት መቆሚያ

ዓሣን በመስተዋት ሣጥን አኑሮ በቤት ውስጥ መመልከት ከፈረንጆች አገር የመጣ ልማድ ነው። እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1853 ዓ.ም. በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ ለሕዝብ የተከፈተው የዓሣ ቤት ለልማዱ መስፋፋት ትልቅ ምክንያት ሆኖአል። ዛሬ በአዲስ አበባም በሰው ሳሎን ይታያል። ነገር ግን የቤቱ ጌታ ዓሣውንና መስተዋቱን በብዙ ጥንቃቄ መርጦ ከገዛ በኋላ፣ የአበባ ማስቀመጫ በነበረ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው እናያለን። ይህ ሕፃናት በሚሮጡበት ቤት የሚያስፈራ ነገር ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና፣ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን እስከ አፉ ቢሞላ የውኃው ክብደት ብቻ ሁለት ኩንታል ይሆናል። መስተዋቱና ከሥሩ የሚነጠፈው ጠጠር ሲጨመርበት ከሁለት ኩንታል ተኩል ያልፋል። መቆሚያው ይህን ሸክም ቀንና ሌሊት ሳያወርድ ይሸከማል።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አናጢውን «እግሩን አወፍረው» ብሎ ያዝዘዋል። እግር መወፈሩ አይከፋም፤ ሆኖም ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ከላይ የሚጫነውን ክብደት በቀላሉ ይችላል። ጠረጴዛን የሚጥለው ወደ ጎን መዘንበል ነው፤ ይኸውም የማዕዘኑ መጋጠሚያ ሲላላ አራቱ እግሮች ባንድነት ወደ አንድ ወገን ይጋደማሉ። ነገሩን ለመረዳት የሚወድ ሰው አራት ቀጫጭን እንጨቶች በአራት ማዕዘን፣ ሦስት ደግሞ በሦስት ማዕዘን፣ በየጫፋቸው ባንዳንድ ምስማር አያይዞ ይግፋቸው። አራቱ ይጣመማሉ፤ ሦስቱ ግን ከቅርጻቸው አይነቃነቁም። ስለዚህ ከመቆሚያው ጀርባና ከሁለቱ ጎኖች ሰያፍ እንጨት መምታት፣ ወይም በጀርባውና በጎኖቹ ሙሉ ኮምፔንሳቶ በኮላና በብሎን ማጣበቅ ግድ ነው። ጎኖቹ እንዲህ ከታሠሩ ፊቱ ለመዝጊያ ክፍት ቢሆን ጉዳት የለውም።

ሁለተኛው ነገር የላይኛው አግዳሚ ነው። አግዳሚው በእግሮቹ ራስ ላይ ይቀመጥ እንጂ በጎናቸው በምስማር ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ያን ጊዜ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ምስማሩ ይሆናልና። ለእንጨቱ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ወይም ዝግባ መልካም ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ቺፑድ የተባለውም ዋጋው ቢረክስ ውኃ ሲነካው ያብጣልና ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ውበቱን በተመለከተ፣ የዋንዛ መልክ በቫርኒሽ ብቻ ያምራልና ቀለም መቀባቱን አልወደውም፤ ቫርኒሹ ግን የውስጡንም ፊት ይሸፍን።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከአናጢው ከመረከባችሁ በፊት ማዕዘኑን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ከተወዛወዘ ይመለስ። ካልተወዛወዘ በቦታው አቁማችሁ ውኃ ልክ በርዝመቱ፣ በወርዱና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አኑሩበት። ወለሉ ጎርባጣ ቢሆን ሽብልቅ የሚገባው ከመቆሚያው እግር ሥር ነው፤ ከመስተዋቱ ሥር ከገባ ክብደቱ በአንድ ነጥብ ላይ ይከማችና መስተዋቱ ይሰነጠቃል። ጠርዝ የሌለው መስተዋት ከሆነ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ይነጠፍለት፤ በጠርዝ ላይ የሚቀመጠው ግን ይህን አይሻም።

ውኃውንም ባንድ ጊዜ አትሙሉት። ሲሶውን ሞልታችሁ ውኃ ልኩን እንደገና ተመልከቱ፤ ከሞላም በኋላ ዓሣ ሳይገባበት አንድ ቀን ይቈይ። የተሞላ ሣጥን ከቦታው አይነሣምና፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቆ በግድግዳ አጠገብ እንዲሆን አስቀድሞ ይታሰብበት። የኤሌክትሪኩ ገመድም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ወደ ወለሉ እንዲወድቅ።