«ማረሚያ» ማንን ነው የሚያርመው?

የእኛ አገር መንግሥታት እስር ቤትን በተመለከተ የማይሰለቻቸው አንድ ሥራ አለ፤ ስም መቀየር።

«ወህኒ» የምንለው ቃል የተራራ ስም ነው። የጎንደር ነገሥታት ዙፋናችንን ይመኛሉ ያሏቸውን የገዛ ዘመዶቻቸውን የሚያጉሩበት ወህኒ አምባ። ቀጥሎ «ከርቸሌ» መጣ፣ ከጣሊያንኛው «ካርቼሬ»። ሕዝቡ ደግሞ የአዲስ አበባውን ከርቸሌ «ዓለም በቃኝ» አለው፤ ከሁሉም ያልዋሸው ስም ይሄ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የከተማውን ሰው እየለቀሙ ካጎሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ የረሸነውም እዚያው ነው። ግቢው ባለቤት ቀየረ እንጂ ሥራ አልቀየረም።

አሁን «ማረሚያ ቤት» ሆኗል። በዜናም «የሕግ ታራሚዎች» ሲባል እንሰማለን። እሺ፣ የሚታረመው ያጠፋ ሰው ነው አይደል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ፣ ተከሳሽ በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ታዲያ ቀጠሮ የሚጠብቀው ሰው ምኑ ነው የሚታረመው?

ቂሊንጦን ውሰዱ። በዋናነት የቀጠሮ እስረኞች ያሉበት ነው፤ ስሙ ግን ማረሚያ ቤት። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲቃጠል 23 ሰው መሞቱን መንግሥት ራሱ ተናገረ። ስንቅ ይዞ ይመላለስ የነበረ ቤተሰብ ሬሳ ፍለጋ ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞረ። ከዚያስ ማን ተከሰሰ? እስረኞቹ! (ይሄ ቀልድ አይደለም።)

«ማዕከላዊ እኮ በ2010 ተዘግቷል፣ ለጎብኚም ተከፍቷል» የሚል አይጠፋም። ደስ ብሎናል። ዓለም በቃኝም ፈርሷል፤ ቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ግን ግድግዳ ሲፈርስ አሠራሩ አብሮ አይፈርስም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው አንቀጽ 19፣ እስረኛ ጠበቃውን፣ ሐኪሙንና ዘመዶቹን ያግኝ የሚለው አንቀጽ 21 አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። በጀትም ቢሆን የሚያስወጡት ትንሽ ነው። የሚጠይቁት ያሠረው ሰው ራሱ እንዲጠየቅ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

እስከዚያው ግን ጋዜጠኞቻችን፣ እባካችሁ ቢያንስ ፍርድ ያልተሰጠውን ሰው «ታራሚ» አትበሉት። እስረኛ ነው።